ሮቢት ላይ የተነፈሰው ሳጥን

ከቆቦ ከተመለስኩ ወዲህ ያላፋጠጠኝ ዘመድ የለም። «እንዴት ነበር? ሙቀቱስ? መንገዱስ? ለአንዲት መስታወት ብለሽ ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጥሽው?» ለእያንዳንዱ ከሀ ብዬ ማውራት ጉሮሮዬን ስላደረቀው አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ከዚህ በኋላ ያላነበበ አይጠይቀኝ።

ለማያውቀኝ፣ አልማዝ እባላለሁ። ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ መጠገን ነው፤ በተለይ ሌንስና መስታወት ያለበትን። በዚህ ሥራ ላይ ፀጉሬን አሽብቻለሁ፣ በከተማችን ከኔ የተሻለ እጅ ያለው ሰው ካለ ደግሞ እስካሁን አልተዋወቅንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆቦ ላይ የዓይን ሞራ የሚያነሳ አንድ ዶክተር እስከ ቅዳሜ ሊቆይ መጥቷል። ከራያ ቆላ የተሰበሰቡ ሕመምተኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ማይክሮስኮፑ ግን ጨለመ። ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልሰውን መስታወት ሻጋታ በልቶታል፤ ያለ እሱ ዶክተሩ ዓይን ውስጥ ማየት አይችልም። ቅዳሜ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ራሱም አያውቅም። እኔ አዲስ አበባን አገላብጬ ያገኘሁት ምትክ መስታወት አንድ ብቻ ነው። እሱ ከተሰበረ ሰዎቹ እንደመጡ ተመርተው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ ማለት ነው።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ ከሾፌሩ ከጌታቸው ጋር ወጣን። ጌታቸው ወሬ የሚወድ፣ ሬዲዮ የማይዘጋ፣ ደብል ካቢን ፒክአፑን ከሚስቱ እኩል የሚንከባከብ ሰው ነው። ሳጥኑን ከኋላ ልጫነው ሲል «ጭኔ ላይ ነው የሚሄደው» አልኩት።

«ደሴ ድረስ?»

«ቆቦ ድረስ።»

«እትዬ አልማዝ፣ እንደ ሕፃን ሊታቀፉት ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

ሳጥኑን ልግለጸው፤ አለዚያ የኋላው አይገባም። መስታወቱ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም፣ ውፍረቱም እንደ ጥፍር ነው። ፊቱን ጣት ከነካው አበቃ። ጠርዙን ብረት ከነከሰው ይሸረፋል። ስፖንጅ ውስጥ ቢጠቀለል ደግሞ በሙቀት ስፖንጁ ፊቱ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚህ በፊት አንዱ እንዲህ ሆኖ ደርሶኝ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ስለዚህ የራሴን ሳጥን ሠራሁ። አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ሦስት ለስላሳ የጎማ ከንፈሮች አሉ፣ መስታወቱ በጀርባው እነሱ ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ ያለውን አየር በትንሽ የእጅ ፓምፕ ስመጠው ልጥፍ ይላል። ልጆች ሆነን የሻይ ብርጭቆ አፋችን ላይ ደፍተን አየሩን ስንመጠው ተጣብቆ ይቀር የለ? እሱ ነው። የሚይዘው ጣት የለም፣ ብሎን የለም፤ ውጭ ያለው አየር ራሱ ተጭኖ ይይዘዋል። ባለሙያ ቫክዩም ይለዋል። ክዳኑ በማጣሪያ ጨርቅ ስለሚተነፍስ አየር ይገባል፣ አቧራ አይገባም።

በክዳኑ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮትና የአየር ግፊት የምትለካ አንዲት ጌጅ አሉ። የጌጇ መርፌ አረንጓዴው ላይ ስትሆን ደህና ነው። ዜሮ ከሆነች መስታወቱ ልቅ ነው። ቀዩ ላይ ከወጣች ከልክ በላይ ተይዟል፤ ያኔ ከጎን ያለችውን ቁልፍ ጠቅ አድርጌ ትንሽ አየር አስገባለሁ። መርፌዋ ጠባይም አላት። ደጋ ስንወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ዝቅ ትላለች፤ ቆላ ስንወርድ አየሩ ስለሚከብድ ከፍ ትላለች። ጣርማ በር ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ፓምፑን ሳብ ሳብ አደረግሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሹራቤን አውልቄ ቁልፏን ጠቅ አደረግሁ። ጌታቸው «አሁንስ የት ደረሰች?» እያለ መንገዱን ትቶ መርፌዋን ሊያይ ሲሞክር ሁለት ጊዜ ተቆጣሁት።

ቁርስ ደብረ ብርሃን በላን፤ ሻዩ ጥሩ ነበር፣ ብርዱ ግን የኛን ሐምሌ ያስንቃል። ማታ ደሴ ገባን። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ልጅ ሳጥኑን ዕቃ ቤት ካላስቀመጥኩልዎ ብላ ሞተች። «ወርቅ ነው እንዴ?» አለች በመጨረሻ። ወርቅ ቢሆን እሰጥሽ ነበር አልኳት። ራስጌዬ አስቀምጬው ለጥ አልኩ።

ማክሰኞ

የደሴን ጠዋት ወደድኩት። ሰው ሁሉ ሰላም ይልሻል፤ እኛ ሰፈር ጎረቤት እንኳ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያልፈው። ሐይቅን አልፈን መርሳ ላይ ማንጎ ገዛን። ሻጯ ልጣ ቆርጣ ካላቀመስኳችሁ አልሸጥም አለች፣ ቀምሰን ስንገዛ ደግሞ ሌላ መረቀችልን። አዲስ አበባ ማንጎውን ከነካሽው ገዝተሽዋል።

ከወልዲያ በኋላ ምድሩ ዝርግ ይላል። ጎብዬን ስናልፍ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ አብሮን ተቀመጠ። በግራ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፣ በቀኝ ራቅ ብሎ የዞብል ተራራ ይታያል፣ መሃሉ በሙሉ ማሽላ ነው። «ቆቦ ደረስን በሉ» አለ ጌታቸው፣ አፉን ሳይገጥም የኋላው ጎማ ጧ! ብሎ ፈነዳ። ሮቢት መግቢያ ላይ፤ የሸዋው ሳይሆን ቆቦ አጠገብ ያለው ሮቢት።

መለዋወጫ ጎማውን ሲያወርደው እሱም ተኝቷል። ጌታቸው ፊቱን የሚያዞርበት ጠፋው። «ደብረ ብርሃን ላይ ሬዲዮውን ዘግተህ ይሄን ብታይ ምን ነበረበት?» ብዬ ጮህኩበት፤ ደሜ ፈልቶ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎሚስታ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሰይድ ይባላል፤ አርባ ያለፈው፣ ቀጠን ያለ፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ እጁ ሲሠራ አፉም የማያርፍ ሰው። የፈነዳውን ጎማ ገልበጥ አድርጎ አየና ጌታቸውን ከኔ በላይ ተቆጣው። «ከደጋ ስትወርድ አስተንፍስ እንጂ ወንድሜ! በሙቀት ይነፋል፣ ይነፋል፣ ከዚያ ይሄው። ከላይ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ እኔ ጋ ቆሞ አስተንፍሶ ነው የሚያልፈው። ጌጇ ቀይ ስትነካ ዝም ይባላል?» የአየር መሙያውን ትልቅ ጌጅ በቁልፍ ኳ ኳ አደረገለት። እኔ ሳጥኔን ታቅፌ ጥላ ሥር ቆሜ «አበጀህ፣ ንገርልኝ» አልኩ። ይህን ማለቴን አስታውሱልኝ።

ፍንዳታው የሚጠገን አልነበረምና ጌታቸው በሚኒባስ ወደ ወልዲያ ጎማ ፍለጋ ተመለሰ። ሰይድ መለዋወጫውን መለጠፍ ጀመረ። እሷን አስገጥሜ ሾፌር ተከራይቼ ለምን አልገባም እያልኩ ሳስብ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከደጋው በኩል ከባድ መኪና የሚመስል ጉምጉምታ መጣ። አንዱ ከሩቅ «ጎርፍ!» ብሎ ተጣራ። ሰይድ የያዘውን ጎማ ወረወረና አካፋ አንስቶ በረረ። የአትክልት ነጋዴው በረረ፣ የባጃጅ ነጂው ባጃጁን እንዳቆመ በረረ። መንገድ ዳር የቀረነው እኔና ሳጥኑ ነበርን።

«ሰው ሥራ ጥሎ እንዴት ይሮጣል?» እያልኩ ለብቻዬ ስነጫነጭ የሰይድ ሚስት ከድጃ ከጓሮ ወጣች። «አብሽሪ እትዬ» አለችኝ እየሳቀች። «እዚህ ዝናቡ ከላይ አይመጣም፤ ደጋ ዘንቦ ጎርፉ ሲወርድ ወደ ማሽላው ካልመለሱት ሌላ ቀን የለም። ሙሽራም ቢሆን ትቶ ይሮጣል።» አዲስ አበባ ጎርፍ ሲመጣ የምንሮጠው ከእሱ ለማምለጥ ነው። እነዚህ ሊቀበሉት ይሮጣሉ። ያው ጎርፍ ግን ወደ ቆቦ የሚወስደውን መንገድ ቆረጠውና እዚያው ማደሬ እርግጥ ሆነ።

ከድጃ ሳጥኑን ከእጄ ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ «ለቆቦው ማይክሮስኮፕ የሚገባ መስታወት ነው» ብዬ ሸሸሁባት። «እንግዳ ሸክሙን ይዞ ከበር አያልፍም፤ ነውር ነው እትዬ» አለች። ክርክራችንን ያቋረጠው ከውስጥ የመጣ ድምፅ ነው።

«ከድጃ፣ ተያት። እሱን ይዛ ትግባና እኔ አጠገብ ታስቀምጠው። ካላመነችን አብረን እንጠብቀዋለን።»

እማማ ዘሀራን ያወቅኋቸው ያኔ ነው። የሰይድ እናት ናቸው። መደብ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አቅንተዋል፤ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ነጭ ሞራ ጋርዷቸዋል። እጄን ያዙና ዳበሱኝ። «አንቺ ነሻ የማይክሮስኮፑ ሰው! ቆቦ መሣሪያው ይሠራልና ረቡዕ ነይ ተብያለሁ። የከድጃን ፊት እንኳ በጥላው ነው የማውቀው ልጄ፤ ሰይድንም ካየሁት ቆየሁ።»

በሌላ ቀን ብሰማው አጽናንቼ አልፍ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይናቸው ሳጥኑ ውስጥ፣ ጭኔ ላይ ነበር።

ሰይድ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ ተመለሰ። «አልሐምዱሊላህ፣ ማሽላው ጠጣ!» የማሽላ እንጀራ በወተት በላን። እኛ ቤት ማሽላ ሲባል ፊታችንን እናጨማድዳለን፤ እኔ ሁለተኛ ጨመርኩ። አልጋውን ለኔ ለቀው እነሱ ምንጣፍ ላይ ተኙ፣ እምቢ ብል ማን ሰምቶኝ! ሳጥኑ የሰይድ የመሣሪያ ሣጥን ላይ፣ ነፋሻው በር አጠገብ ተቀመጠ። መርፌዋ ቀዩን ነክታለች፤ በጎማው ግርግር ሳላስተካክላት ቀርቼ ነበር። አንድ ሌሊት ምንም አይለውም፣ ጠዋት እጅ እግሬን ታጥቤ በንጹሕ እጅ እነካታለሁ ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ

ስነሳ ሰይድ በር ላይ ፈገግ ብሎ ቆሟል። «እንዴት አደርሽ እታለም? አብሽሪ፣ ተገላግለሻል።»

«ከምኑ?»

«ሳጥንሽ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር'ኮ! ለሱብሒ ሶላት ስነሳ ባትሪ አብርቼ ባይ መርፌዋ ቀዩ ላይ ቆማለች። ያንቺም ከደጋ ስለመጣ ተነፍቷል ማለት ነው። አንቺን ከእንቅልፍሽ ከመቀስቀስ ብዬ ቁልፏን ተጭኜ አስተነፈስኩልሽ። አሁን ዜሮ ናት፣ ሰላም ናት። ዶሮ እንዳይረግጠውም መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት።»

ዞር ስል መርፌዋ እውነትም ዜሮ ላይ ተኝታለች። ልቅ መስታወት ይዞ ነው ሳጥኑን ወደ ላይ ያነሳው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸቴን ሮቢት በሙሉ ሳይሰማው አልቀረም።

«ማን ንካው አለህ? ይሄ ጎማ ነው? አልተነፋም! ተመጥጦ ነው የተያዘው፣ አየር አስገባህበት እንጂ አላወጣህም! ያስተነፈስከው የናትህን ዓይን ነው!»

የመጨረሻዋ ከአፌ ከወጣች በኋላ ነው እማማ ዘሀራ ከኋላዬ መደቡ ላይ መሆናቸው ትዝ ያለኝ። የሰይድ ፊት አመድ መሰለ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ልጄ» አሉ እማማ ዘሀራ። «መስታወቱ ተሰበረ?»

«አላውቅም እማማ። ገና አላየሁትም።»

«ታዲያ ለቅሶውን እናቆየውና እዪዋ።»

አፈርኩ። ባትሪ ተቀብዬ በክዳኑ መስኮት አጮለቅሁ። መስታወቱ ከከንፈሮቹ ተንሸራቶ የሳጥኑን ግድግዳ ተደግፏል፤ ፊቱ ወደ ላይ ነው፣ ጠርዙ ደህና ይመስላል። አልተሰበረም። ግን ሳጥኑ አንድ ጊዜ ቢናጥ ግድግዳው ጠርዙን ይበላዋል፤ ያን አቧራ ውስጥ ክዳኑን ከፍቼ ልይዘው ደግሞ አይታሰብም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሳጥኑን በጣም በዝግታ እያጋደሉ መስታወቱን ወደ ከንፈሮቹ መልሶ ወዲያው መምጠጥ።

ፓምፔን ከፒክአፑ አመጣሁ። ትናንት ዳሽቦርድ ላይ ትቻት ስለነበር ጎማዋ በፀሐይ ተጣብቋል። ቀስ ብሎ ማላቀቅ ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም ነበርና ቀጭ አድርጌ ስስባት የውስጥ ጎማዋ ለሁለት ተሰነጠቀ። መለዋወጫው የት ነው? አዲስ አበባ፣ መሳቢያዬ ውስጥ።

«እሱን ደግሞ እኔ አልነካሁትም» አለ ሰይድ ቀስ ብሎ፣ ከቁጢጡ ሳይነሳ። ከድጃ በሻሽዋ አፏን ያዘች። ሳላስበው እኔም ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር ጭንቅላቴም ተመለሰ።

«ተነስ» አልኩት። «የብስክሌት መንፊያ አለህ? ውስጡ ቆዳ ያለው፣ የድሮው ዓይነት?»

«አለ። ግን እሱ ይነፋል እንጂ…»

«አምጣው።»

ይሄ ድሮ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የማሳየው ነገር ነው። መንፊያው ውስጥ ያለው ቆዳ እንደ ትንሽ ኩባያ ነው፤ አፉ ወደ ታች ሲሆን አየር ይገፋል፣ ገልብጠሽ አፉን ወደ ላይ ካዞርሽው ስትስቢው አየር ይመጥጣል። ቆዳው ደርቆ ነበርና ከድጃ ለፀጉሯ ካስቀመጠችው ቅቤ ቆንጥራ ሰጠችኝ፣ አሸሁት፣ ለሰለሰ። ሰይድ ከአሮጌ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ ከሚሉት፣ ቀጭን ጎማ ቆርጦ የመንፊያውን ቱቦ ከሳጥኑ ጋር አሠረው። አየሩ ተመልሶ እንዳይገባ ደግሞ ሰው ቱቦውን በጣቱ መቆንጠጥ አለበት። ስስብ ይለቃል፣ ሳቆም ይቆነጥጣል። ያን ሥራ ለሰይድ ሰጠሁት።

ሳጥኑን ያልተነፋ ከመነዳሪ ላይ አስቀምጬ አንድ ጎኑን በጣቴ ተጫንኩ። መስታወቱ አልተንቀሳቀሰም። ትንሽ ጨመርኩ። ከዚያ መስታወቱ ነቅነቅ አለ፣ ተንሸራተተ፣ ሦስቱም ከንፈሮች ላይ ገባ።

«ልቀቅ!» ሳብኩ። «ያዝ! ልቀቅ! ያዝ!»

መርፌዋ ተነሳች፣ ወዲያው ደግሞ ወረደች። እንደገና ሳብን፣ እንደገና ወረደች። «ጸጥ በሉ» አሉ እማማ ዘሀራ። ከመደቡ ወርደው እየዳበሱ መጡና ጆሯቸውን ወደ ቱቦው አስጠጉ። «እዚህ ጋ ያፏጫል» ብለው ጣታቸውን የቱቦው ማሠሪያ ላይ አሳረፉ። ሰይድ አንድ ዙር ጎማ ጨመረበትና በጥርሱ አጠበቀው።

«ልቀቅ! ያዝ! ልቀቅ!»

መርፌዋ አረንጓዴው ውስጥ ገባች። ጠበቅን። ትንሽ ትንሽ እየወረደች ነው፤ ግን በየመሃሉ ከሳብንላት ትቆያለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጌታቸው ከነጎማው ሲመጣ ጎርፉ ጎድሎ ጭቃው ቀርቶ ነበር። አሳፈርኳቸው። የኋላው ወንበር ላይ እማማ ዘሀራ መሃል ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ይዘው፣ እኔ በግራ መንፊያውን ይዤ፣ ሰይድ በቀኝ ቱቦውን ቆንጥጦ፣ ከድጃ ከፊት። «ያዝ፣ ልቀቅ» እያልን ስንሄድ ጌታቸው በኋላ መመልከቻው እያየን በዝግታ ነዳ። ሬዲዮውንም ራሱ ዘጋ።

ጎርፉ የቆረጠው ቦታ ስንደርስ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ማሳ ውስጥ የነበሩት ሰዎች አካፋቸውን ጥለው መጡ። ሰይድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «በአላህ፣ እንዳትንጡን! ቀስ ብላችሁ ግፉ፣ የእማዬ ዓይን ተጭኗል!» ሲል አንዱ ሽማግሌ «ቢስሚላሂ በሉ!» አሉና ከበው በትከሻ ገፉን። መኪናው እንደ ጀልባ ሸርተት ብሎ ወጣ። ቀና ብዬ ሳይ እማማ ዘሀራ ሳጥኑን ከጭናቸው ከፍ አድርገው በአየር ላይ ይዘውታል፤ መኪናው ሲያጋድል ክንዳቸው ብቻ ያጋድላል፣ ሳጥኑ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ውኃ ስንት ዘመን ተሸክሜያለሁ ልጄ፣ አልደፋም» አሉኝ።

ቆቦ ስንገባ ባጃጅና ግመል መንገዱን ተጋፍተውታል፤ ምንም አላየሁም ብል ይቅርታ፣ ዓይኔ መርፌዋ ላይ ነበር። ግቢው ውስጥ ሕመምተኞቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የኛን ሰልፍ ሲሰሙ አንገታቸውን አዞሩ። ዶክተሩ በር ላይ ቆሞ መንፊያውን፣ ቱቦውን፣ ቅቤውን አየ።

«ይሄ ነው የላኩልኝ ቫክዩም?»

«የላክሁልህስ ሌላ ነበር» አልኩት። «መንገድ ላይ ተሻሻለ።»

ንጹሕ ክፍል ውስጥ ሳጥኑን ከፈትኩ። ብዕር የምትመስል መምጠጫ አለችኝ፤ ጫፏ ላይ ትንሽ የጎማ ከንፈር፣ ወገቧ ላይ የምትጨመቅ ፊኛ። እሷን ከመስታወቱ ጀርባ አስጠግቼ ፊኛዋን ለቀቅሁ፣ ያዘችልኝ፣ ጣቴ ሳይነካው ከሳጥኑ አውጥቼ ቦታው አገባሁት። ሲበራ ዶክተሩ ዝቅ ብሎ አየ። ከዚያ «ጠርዙ ላይ እንኳ ጭረት የለውም» አለ። እንደማይኖረው አውቅ ነበር፣ ግን እሱ ሲለው ነው ያመንኩት።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፑ አጠገብ ቆምኩ። ብርሃኑ አንዴም አልደከመም። እማማ ዘሀራ ከሰዓት በፊት ገብተው አንድ ዓይናቸው ተሠርቶ በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ወጡ። ሰይድ ግን ግቢው ውስጥ ተንቆራጠጠ እንጂ አልቀረባቸውም። ከድጃ ምሳ ስታመጣ ለኔ አቀረበልኝና የራሱን ሳይነካ ተነሳ። «ተረፈ እኮ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» አልኩት። «ትናንት ማታ እንቅልፍ ሲወስደኝ ያንን ቁልፍ ስጫን አያለሁ እታለም» አለኝ። ያን «የናትህን ዓይን» የተናገርኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። «የኔን ፓምፕ ማን ቀደደው?» አልኩት። ትንሽ ሳቀ፣ ግን ከልቡ አልነበረም።

ማታ ያደርነው የከድጃ ዘመዶች ቤት ነው። ቆቦ ላይ አልጋ ልያዝ ብል እንደ ስድብ ቆጠሩት። የፍየል ሥጋ፣ ትኩስ እንጀራ፣ በላዩ ላይ «አልበላሽም» የሚል ወቀሳ። እኛ አገር እንግዳ ሲሄድ ነው የምንተነፍሰው፤ እነዚህ የሚተነፍሱት እንግዳው ሲጠግብ ነው።

ዓርብ

መመለሻ መንገዱን አልጽፍም፤ ጌታቸው መለዋወጫ ጎማውን በየከተማው እየወረደ ሲነካው ነበር ያለቀው። ሳጥኑም አሁን ጌጇ ሥር በትልቁ «አታስተንፍሱ» ተጽፎበታል። የምጨርሰው በዓርብ ጠዋት ነው።

ዶክተሩ ፋሻውን ቀስ አድርጎ ፈታ። ከድጃ እጄን ጨምቃ ይዛኛለች። እማማ ዘሀራ ዓይናቸውን ከደን ከፈት፣ ከደን ከፈት አደረጉ። ዶክተሩ ጣቶቹን አሳያቸው።

«ስንት ናቸው እናቴ?»

«ጣትህን ተወውና ፊትህን አሳየኝ» አሉት። አዩትና መረቁት። ከድጃን አገላብጠው አዩ፣ ጉንጯን ያዙ፣ «ማሻአላህ፣ ጥላሽ ነው የከሳው እንጂ አንቺስ ደህና ነሽ» አሏት። ወደ ኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ እንዴ ያቺ ጯሂ? ድምፅሽን ሰምቼ ግዙፍ መስለሽኝ ነበር!» ሁሉም ሳቀ፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ሰይድ በሩ ላይ ቆሟል። ቃል አልተነፈሰም። ከተናገረ እንደሚያውቁት ያውቃል፣ ሳይናገር ሊያዩት ፈልጎ ይመስለኛል፤ ወይም ፈርቶ። እማማ ዘሀራ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደ በሩ አዩ።

«ያ እዚያ የቆመው ሽማግሌ ማነው?»

ሰይድ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበና እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። ድሮ በመዳበስ የሚያውቁትን ጭንቅላት አሁን እያዩ ደባበሱት፣ ገብስማ ፀጉሩን በጣታቸው ለየት ለየት አደረጉት፣ እንባቸው ሳይታወቃቸው ወረደ።

«ሰይዴ» አሉ፣ «መቼ ነው እንዲህ የሸበትኸው?»

ሰይድ ቀና ብሎ አያቸው።

«ከትናንት ወዲያ፣ እማ» አላቸው። «ያንን ሳጥን ያስተነፈስኩ ለት።»